አማቴን ከደጄ እንዳግድ ለመከሩኝ ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
«ሰፊ አድማስ» የእንግሊዝኛ መምህራን ቅጥር ድርጅት፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለወንበርዎ ጤና፣ እንዲሁም ፊቴን አይተው ሳያውቁ ዕድሌን ለሚቆርጠው ብዕርዎ ጤና ያለኝን የልብ ምኞት በትሕትና አቀርባለሁ። እኛ በካሳማ ደህና ነን። ዝናቡ በጊዜው ገብቷል፣ በቆሎው ቆሟል፣ መብራትም ደስ ሲለው ይመጣል። ደብዳቤዬን በአደባባይ የጻፍኩት በግል የላክኋቸው ሁሉ «መልእክትዎ ደርሶናል» ከሚል መልስ በቀር ሌላ ስላልወለዱ ነው፤ መልሱም ቢሆን እጅግ ጨዋ በሆነ እንግሊዝኛ የተጻፈ ስለነበረ ከልብ አመሰግናለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔ ግን ዝም ብዬ ነቅዤአለሁና ይስሙኝ።

ስሜ ካሶንዴ ቺሌሼ ይባላል። እዚሁ ካሳማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ንካንዱ ባሕር ማዶ ሙስካት ከተማ ነርስ ሆና ከሄደች ሁለት ዓመት አለፋት። የምትኖረው በሆስፒታሉ የሠራተኞች መኖሪያ ነው፤ እዚያ ደግሞ ባል አይገባም። አብሬያት ልኖር የምችለው የራሴ ሥራ ይዤ ከሄድኩ ብቻ ነው፤ የማውቀው ሥራ ማስተማር ነው፤ ለሙስካት ትምህርት ቤቶች መምህር የሚመለምሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሚስቴ ናፍቃኛለች።

አሁን በፈቃድዎ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ማስታወቂያዎ «እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሆነ» ይልና ከሥሩ የሰባት አገር ባንዲራ ይደረድራል። የእኛ ንስር ያለበት ባንዲራ ይኖር እንደሆን ብዬ መነጽሬን ጠርጌ ፈለግኩ፤ የለም። እርግጥ ነው አፌን የፈታሁት በአገሬ ቋንቋ በቤምባ ነው። ነገር ግን የተማርኩት፣ የተገረፍኩት፣ የተፈተንኩትና ዳኛ ፊት የቆምኩት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። አባቴ እንኳ ንዴቱ ጣራ የነካ ዕለት ከቤምባ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገር ነበር፤ እኛም ልጆቹ ያን ጊዜ በየበኩላችን ወደ ደጅ እንሮጥ ነበር። ይህ ሁሉ እያለ «በልዩ ሁኔታ» ብለው ማመልከቻዬን ስለተቀበሉልኝ ቸርነትዎን እግዜር ይቁጠርልዎ።

፪ኛ/ የችሎታ ፈተና እንድወስድ አዘዙኝ፤ ወሰድኩ፤ አለፍኩ። ውጤቱ ከሚጠበቀው በላይ ስለሆነ እንድደግም አዘዙኝ፤ ደገምኩ፤ ዳግመኛም አለፍኩ። ላደረስኩብዎት ድንጋጤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወደፊት ልብዎን እንዳላደክም አንዳንድ ነገር ሆን ብዬ ልሳሳት ቃል እገባለሁ። ፈታኝዎ ወይዘሪት ሃርግሪቭም በቃለ መጠይቁ መጀመሪያ ላይ «እንግሊዝኛዎ እንዴት እንዲህ ሊያምር ቻለ?» ብለው በአድናቆት ጠይቀውኛል። «የእርስዎስ?» የሚለው መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ንካንዱን አስቤ ዋጥኩት። ሰው ለሚስቱ ሲል ስንቱን ይውጣል!

፫ኛ/ አሁን ወደ ጉዱ እንግባ። መመሪያዎ «አመልካቹ ሁለቱንም ጆሮዎቹን በማዳመጫ ይሸፍን» ይላል። እኔም መመሪያ አክባሪ ነኝና ጆሮዬን ጥርቅም አድርጌ ሸፍኜ፣ ከላፕቶፑ ፊት ቆሜ፣ በሌሉ ሕፃናት ፊት የሳምንቱን ቀናት በጭብጨባ ማስተማር ጀመርኩ። ማክሰኞ ላይ ስደርስ አማቴ ገባች።

ክቡርነትዎ፣ አማቴ ጥዋ የምትጠጣበት ወይም ወሬ የምትለቅምበት ቤት አጥታ አይደለም የመጣችው። በቤተ ክርስቲያን አንዷ «አማችሽ እኮ ዛሬ ወደ ልጅሽ ሊሄድ ነው» ብላ ስለነገረቻት፣ ልጇ የምትወደውን የደረቀ አባጨጓሬ በጨርቅ ቋጥራ ሳልሄድባት ልትደርስ ነፍሷ እስክትወጣ ስትሮጥ ነው። ደንቡንም አላጎደለችም፤ ደጅ ቆማ «ኦዲ! ኦዲ!»፣ ቤቶች እንደማለት፣ ብላ ደጋግማ ተጣርታለች። እኔ ብሰማት ኖሮ በጓሮ በር እወጣ ነበር፤ እሷም ዕቃዋን አስቀምጣ ትመለስ ነበር። በእኛ ዘንድ የሚስት ወገኖች ድግስ ደግሰው፣ በሥርዓት ጠርተው «እስካላስገቡት» ድረስ አማች ከአማቱ ጋር ፊት ለፊት አይተያይም፣ በቀጥታም አይነጋገርም። እኛ ደግሞ ንካንዱ ስትመለስ ይደረጋል እያልን የማስገቢያውን ድግስ አቆይተነው ነበር። ብቻ ጆሮዬ በእርስዎ ትእዛዝ ተዘግቷል።

ዐይን ለዐይን ገጠምን። እሷ «እኔን አፈር ያስበላኝ!» ብላ ያገለደመችውን ቺቴንጌ ጨርቅ ፊቷ ላይ ገለበጠች፤ እኔ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። የማዳመጫውም ሽቦ ተነቅሎ ወጣ። አማቴ ዐይኗ ስለተሸፈነ በሩን ስታ ከቁም ሳጥኑ ጥግ ተወሽቃ ቀረች። የሚሰማው ከላፕቶፑ የሚወጣው የወይዘሪት ሃርግሪቭ ድምፅ ብቻ ነበር፦ «ሚስተር ቺሌሼ? ሚስተር ቺሌሼ? የት ገቡ?»

አማቴ ለእኔ መናገር ስለማትችል ለግድግዳው ተናገረች። «አንተ ግድግዳ፣ ይቺ የምትጣራው ሴትዮ ማን ናት?» እኔም ከጠረጴዛው ሥር «ግድግዳ ሆይ፣ ፈታኜ ናቸው፤ ሥራው የሚገኘው በእሳቸው እጅ ነው በልልኝ» አልኩ። «ወይኔ ልጄን! እንግዲያ ምን ይጎልተዋል? ያስተምር በለው እንጂ!» አለች። ስለዚህ አስተማርኩ። ረቡዕን፣ ሐሙስንና ዓርብን በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንድም ቀን ሳልዘል አስተማርኩ። እህቴ ሎምቤ ከገበያ ስትመለስ ያገኘችን እንዲህ ሆነን ነው። «ኧረ የጉድ አገር! አንዱ ከጠረጴዛ ሥር ይጮኻል፣ አንዷ ከቁም ሳጥን ጋር ተጣብቃለች!» ብላ እየሳቀች አማቴን እጇን ይዛ አወጣችልኝ። እኔም ተነስቼ፣ ጉልበቴን አራግፌ፣ ቅዳሜና እሑድን አስተምሬ ጨረስኩ።

የወይዘሪት ሃርግሪቭን ሪፖርት ግልባጭ ስለላኩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «አመልካቹ በፈተናው መካከል ተሰውሯል፤ ፊቷን የሸፈነች ማንነቷ ያልታወቀ ሴት በክፍሉ ውስጥ ታይታለች» ይላል። ማንነቷ ያልታወቀ! የንካንዱን እናት በካሳማ የማያውቃት ዶሮ እንኳ የለም። ቢጠይቁኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳዎት ነበር፤ መጠየቅ ግን በመመሪያዎ የለም።

፬ኛ/ ከሁሉም የከነከነኝ ይህ ነው። «በልዩ ሁኔታ» በመጪው ሐሙስ ዳግመኛ እንድፈተን ፈቀዱልኝ፤ ለዚህም ሁለት ነገር እንድፈርም ጠየቁኝ። አንደኛው «የተጠቀሰችው ሴት ወደ መኖሪያዬ እንዳትደርስ አግጃለሁ» የሚል፣ ሁለተኛው «ሥራን ከሚያውኩ ኋላቀር ልማዶች ራሴን ነፃ አውጥቻለሁ» የሚል ነው። አልዋሽዎትም፣ ብዕር አንስቼ ነበር። ሁለት ዓመት ብቻውን ያደረ ሰው ብዕር ያነሳል። ከዚያ ለንካንዱ ደወልኩ። እስክጨርስ እንኳ አልታገሰችም። «ፈርመህ ብትመጣ በሩን አልከፍትልህም! እናቴን ከደጅ አባረህ ወደ እኔ? የት ልትገባ?» አለችና ዘጋችው። አለቀስኩ፤ ቢታወቅብኝም አላፍርም። ብዕሩን አስቀመጥኩ።

ወሬው ለአማቴ ደረሰ። «በእኔ ምክንያት ልጆቼ ሊለያዩ?» ብላ እህል አልቀምስም አለች፤ በማግስቱ ግን ተነስታ ዘመድ ጠራች። የማስገቢያው ድግስ አሁኑኑ ይሁን ስትል የንካንዱ አጎት «ሚስት በሌለችበት ምን የሚሉት ማስገባት ነው? እንዲህ ያለ ነገር ታይቶም አይታወቅ!» ብለው ተቆጡ። እሷ ደግሞ «ወደ ልጄ የሚያደርሰው መንገድ በእኔ ፊት በኩል ነው። ፊቴን ካልከፈትኩለት በየት ይለፍ?» አለች። አጎትየውም ራሳቸውን እከክ አድርገው ዶሮው ይታረድ አሉ።

እነሆ ባለፈው ቅዳሜ ገባሁ። ንካንዱ በስልክ ሆና «እማዬ፣ ኦቾሎኒውን አብዝተሽበታል? እሱ እንደዚያ ነው የሚወደው» እያለች ከሙስካት ታዝዝ ነበር። አማቴ ጨርቋን ከፊቷ አውርዳ፣ በእጇ ከበቆሎ ገንፎው፣ ከንሺማው፣ ቆርሳ ሰጠችኝ። እኔም አቀርቅሬ ስቀበላት ወጡን ሸሚዜ ላይ አፈሰስኩት። እሷም በቀጥታ፣ ያለ ግድግዳ፣ «ብላ እንጂ ልጄ፣ ምን ያስፈራሃል?» አለችኝ። እንዲያ ያለ ደስታ በሕይወቴ አላውቅም።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ሁለቱን ወረቀቶች ሳልፈርም መልሼ ልኬልዎታለሁ። ሐሙስ በተባለው ሰዓት ግን እቀርባለሁ። ወይዘሪት ሃርግሪቭ ስክሪኑን ሲከፍቱ ሁለት ሰው ያገኛሉ፤ እኔ ቆሜ ሳስተምር ከጎኔ ወንበር ላይ ፊቷን ገልጣ የተቀመጠችው የባለቤቴ እናት ናት። ለእሷ ወንበር ፈቃድ አልጠይቅም፣ ጆሮዬንም ከእንግዲህ አልሸፍንም። አስቀድመው እሷን ሰላም ይበሉ፤ ከዚያ ማስተማሬን ይፍረዱ። ማስተማሬ ካላረካዎት ይጣሉኝ፣ አልቀየምም። እሷን አይተው ከጣሉኝ ግን ለሌላ ቀጣሪ አመለክታለሁ፤ እዚያም ከእሷ ጋር እቀርባለሁ፤ ሙስካት እስክገባ ድረስም አላርፍም።

ለሰጡኝ ትምህርት ሁሉ ውለታዎን ከፍዬ የማልጨርስ፣ በልዩ ሁኔታ የተፈተንኩ፣ በልዩ ሁኔታ የተጠረጠርኩ፣ ያለ ምንም ልዩ ሁኔታ ግን የሰው ባልና የሰው አማች የሆንኩ፣

አክባሪዎ
መምህር ካሶንዴ ቺሌሼ
ካሳማ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ለአማቴ አንብቤላት ይህችን እንድጨምር አዛኛለች፦ «እኚህ ሰውዬ አማት የላቸውም እንዴ? ከሌላቸው እግዜር ይስጣቸው። ካላቸው ደግሞ ለሴትየዋ ጽናቱን ይስጣት።»