ያላየሁት ብርጭቆ

የካቲት 26፣ ረቡዕ

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ወጣሁ። እንደ ሁሌው። ድሬ ፀሐይ ሳትከርር ካልሆነ ፎቶ አትሰጥም… ከሦስት ሰዓት በኋላ ሁሉም ነጭ ነው፤ ሰውም ግድግዳውም። የደቻቱን ድልድይ ተሻገርኩ፣ መጋላ ሰፈር ገባሁ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዞርኩ። አርባ ጊዜ አነሳሁ። አንድም የረባ የለም።

ሌንሱ ጉም ይዟል። ጠረግሁት። እንደገና ጉም። ካሜራ ጠጋኙ ጋ ወሰድኩት፣ አገላብጦ አየና "ምንም የለውም ጋሼ" ብሎ መለሰልኝ። ምንም ከሌለው ጉሙ ከየት መጣ? የድሮዋ ካሜራዬ ሠላሳ ዓመት ስታገለግል አንድ ቀን ዓይኔን አመመኝ አላለችም።

አንድ ባለ ባጃጅ ደግሞ አለኝ፣ "አባባ፣ ለምን ዝም ብለህ በስልክ አታነሳም?"

"አንተ ለምን ዝም ብለህ በእግርህ አትሄድም?" አልኩት።

የካቲት 28፣ ዓርብ

አገኘሁ!

የልብስ ሰፊው የመሐሙድ ሱቅ አጠገብ ያለው ግድግዳ… አረንጓዴ ቀለሙ የተላጠው። ስድስት ወር ጠብቄዋለሁ። ዛሬ ብርሃኑ በሰያፍ መጣ፣ ብጫ ሽቲ ቀሚስ የለበሰች ሴት ቲማቲም ተሸክማ መጣች፣ ከኋላዋ ፍየል። አንዴ ብቻ ተጫንኩ። በቃ።

ቁሙ፣ ዙሩ፣ ሳቁ ማለት የሠርግ ሥራ ነው። ዕድሜዬን ፈጀሁበት። የመንገድ ሰው ሳያውቅ ነው የሚነሳው። መነሳቱን ያወቀ ሰው ይዋሻል። ባለቤቴ በለጠች፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ማንም ያላዘዘህ ሥራ" ትለኝ ነበር። ማንም ስላላዘዘኝ አይደል የምወጣው?

መሐሙድን ሰላም ሳልለው አለፍኩ። ብርሃን እያለ ወሬ የለም። ያውቀኛል፣ የሠላሳ ዓመት ወዳጄ ነው፤ የካሜራዬን ቦርሳ እንኳ የሰፋልኝ እሱ ነው።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ፎቶዋን በትልቁ አሳጠብኳት። እንደ ልማዴ ግራዬን ጨፍኜ በቀኜ መረመርኳት። አርባ ዓመት ካሜራ ላይ የኖረ ዓይን እሱ ነው። ግድግዳ፣ ሴት፣ ፍየል። ትንሽ ጭጋግ አላት፤ የአጣቢው ጥፋት ነው።

ኸባብ ጋ ወሰድኩ። ፀጉር ቤቱ ድልድዩ ጥግ ነው፤ ስምንት ዓመት በየሰኞው አንድ ፎቶ መስታወቱ ላይ እለጥፋለሁ። መንገደኛው ቆሞ ያያል፣ ይተቻል፣ ያልፋል። ኸባብ ምላጭ በእጁ እንደያዘ "ማሻአላህ" አለ፤ ቀና ብሎም አላየ።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ሰው ምን ሆነ?

መጋላ ገባሁ፣ አትክልት ሻጮቹ ፊታቸውን በሻሽ ሸፈኑ። አንዱ በሩን ዘጋብኝ። ሰላም ስላቸው ግድግዳውን ያዩታል። የማያውቁት ሰው ሆንኩ? እዚህ ከተማ ነው እኮ የተወለድኩት!

ስመለስ ኸባብ ፎቶዋን ጠቅልሎ ጠበቀኝ።

"ጋሼ ተሰማ፣ ይቺን እኔ ቤት አልሰቅልም።"

"ምን ሆና?"

"አላየህም እንዴ?"

"የማየውን አይቻለሁ።"

"አይተህ ከሆነ ወላሂ ይብሳል!" አለና ፊቱን ወደ ደንበኛው አዞረ።

ቤት ገብቼ በቀኜ አፈጠጥኩባት። ግድግዳ፣ ሴት፣ ፍየል። ፍየሏ የማን ናት? ባለቤቷ ተቀየመ?

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

የመሐሙድ ሚስት መጣች፣ ፋዱማ። ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም።

"ተሰማ፣ መሐሙድ ምን አደረገህ?"

"ምን አደረግኩት እኔ?"

"በረመዳን! ጠዋት በፀሐይ! ሱቁ በር ላይ ብርጭቆ አፉ ላይ አድርጎ… መስታወት ላይ ሰቀልከው። መጋላ በሙሉ አየው። ሱቁን ዘግቷል። መስጊድ መሄድ ትቷል፣ ቤት ነው የሚሰግደው።"

ብርጭቆ? የምን ብርጭቆ?

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ" አለች። "አይተህ ነው ያነሳኸው ወይስ ሳታይ?"

"ተሰማ ያላየውን አያነሳም!"

ከአፌ ወጣ። አርባ ዓመት የምለው ነገር ነው፤ እንደ ጸሎት ለምዶብኝ ነው…

"አብረን የበላነው ይፍረድ" ብላ ወጣች።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ፎቶዋን መስኮቱ ላይ አስደገፍኳት። ግራዬን ጨፈንኩ። ፈለግሁ። ብርጭቆ የለም! ወሬ ነው አልኩ። ሰው ሲጾም ሆድ ይብሰዋል…

ላብ ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጨፈንኩት፣ ግራውን ከፈትኩ።

አለ።

የሱቁ በር ጥላ ውስጥ፣ መሐሙድ። ጢሙ ሳይቀር። ብርጭቆው አፉ ላይ።

በቀኜ አየሁ፣ ጠፋ። በግራዬ፣ መጣ። በቀኜ፣ ጠፋ። ስንት ጊዜ እንዳደረግሁት አላውቅም።

ሌንሱ አልነበረም ጉም የያዘው።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ለማንም ሳልናገር። ትንሽ ልጅ የምትመስል ሐኪም ናት፣ በመብራት ዓይኔን ስታየው ቆየች።

"አባቴ፣ የዓይን ሞራ ነው። ግራው ደህና ነው፤ ቀኙ ግን በጣም ቆይቷል። በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ አይፍሩ። እንዴት ሳያውቁ ቀሩ? ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ጡረተኛ" አልኩ።

ዋሸሁ። ፎቶ አንሺ ነኝ ልበላት? ትስቃለች እኮ!

መጋቢት 12፣ ዓርብ

አልወጣሁም። ካሜራው ቦርሳው ውስጥ ነው። ቦርሳውን የሰፋው መሐሙድ። የለበስኩትን ሱሪ ያሳጠረው መሐሙድ። እዚህ ቤት የሱ እጅ ያልነካው ነገር የለም እንዴ?

መጋቢት 15፣ ሰኞ

የመሐሙድ ሱቅ አሁንም ዝግ ነው። የኸባብ መስታወት ባዶ።

"ጋሼ፣ አስታራቂ ልላክ?" አለኝ ኸባብ።

"ምን ብሎ ያስታርቃል?"

"አላየም፣ ሳያውቅ ነው ብሎ።"

"ማን ነው ያላየው?!" ብዬ ጮህኩበት። ፀጉሩን የሚቆረጠው ሰውዬ ደነገጠ።

እንግዲህ… አየሁ ካልኩ ወዳጄን አዋራጅ ነኝ። አላየሁም ካልኩ ደግሞ ዓይኑ የጠፋ ፎቶ አንሺ። ዓይን የሌለው ፎቶ አንሺ ምንድን ነው? ካሜራ የተሸከመ አህያ።

በለጠች ብትኖር ምን ትለኝ ነበር? አውቀዋለሁ የምትለኝን። ለዚህ ነው የማልጠይቃት።

መጋቢት 21፣ እሁድ

ዒድ ነው። ሠላሳ ዓመት ዒድን እነሱ ቤት፣ ፋሲካን እኔ ቤት ነን። ጠዋት ለበስኩ፣ አወለቅኩ፣ ለበስኩ። ሄድኩ።

በራቸው ላይ ጫማ ሞልቷል። ስገባ ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መሐሙድ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል። ከስቷል።

"ዋርያ፣ ካሜራህስ?" አለኝ።

"አልያዝኩም።"

"ታዲያ በምን ልታየኝ ነው?"

"በግራ ዓይኔ።" ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ ብቀመጥ አልናገረውም ነበር። "ቀኙ ሞራ ይዞታል። ብርጭቆህን አላየሁትም፣ ስሰቅለውም አላየሁትም። ለፋዱማ አይቻለሁ ያልኳት ውሸቴን ነው። ለኩራቴ ነው።"

መሐሙድ ከትራሱ ቀና አለ።

"አቦ! ዕውር ነው እንዴ ያዋረደኝ?" አለ። ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ሄደ። ሲበቃው ለሰዉ ዞሮ፣ "እኔም ስኳር አለብኝ" አለ። "ሐኪም አትጹም ብሎኛል። ያን ቀን እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ክር መርፌ ውስጥ አልገባ አለኝ፣ ዓይኔ ጨለመ። ስኳር በጥብጬ ጠጣሁ። ሚስቴ ብቻ ናት የምታውቀው።"

አንድ ሽማግሌ "የታመመ እኮ አላህ ራሱ ፈቅዶለታል፣ ምን ያስደብቃል?" አሉት።

"አንቱ ጤነኛ ነዎት፣ አይገባዎትም" አላቸው።

እኔ ግን ገባኝ።

ፋዱማ ከጓዳ ወጣች። ሰሃን ፊቴ አስቀመጠች፣ ለብቻ። "ብላ። በዘይት ነው። ሁዳዴ ላይ አይደለህ?"

"መቼ ሠራሽው?"

"ጠዋት።"

ጠዋት እኮ እኔ ራሴ መምጣቴን አላውቅም ነበር…

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ወጣሁ። በግራ ዓይን ማንሳት መከራ ነው! አፍንጫዬ መሃል ይገባል፣ አውራ ጣቴ ዓይኔን ይወጋል። በሰባ ዓመቴ እንደ ጀማሪ። ቀዶ ጥገናው ለግንቦት 6 ነው። መሐሙድ "እኔ እወስድሃለሁ" ብሏል።

"ስኳርህ መንገድ ላይ ቢወርድስ?"

"አንተ ትይዘኛለህ።"

"ዓይኔ ታሽጎ?"

"በግራህ ያዘኝ፣ ምን አለበት።"

ኸባብ መስታወቱን መለሰልኝ፣ ግን ፎቶው ከመሰቀሉ በፊት መሐሙድ ይየው አለ። ይኸው ሦስት ሳምንት አበሳዬን አየሁ። ስለ ብርሃን ሊያወራ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ስፌት ብቻ ነው የሚያየው! አንዱን "የኮቱ እጅጌ ጠማማ ነው" ብሎ ጣለው። ሌላውን "ይሄን ሱሪ የሰፋው ተፎካካሪዬ ነው፣ አይሰቀልም" አለው።

ዛሬ ደግሞ ሱቁ በር ላይ ጠራኝ። ሱቁን ከፍቷል፣ ሰዉም ይመጣል። አሁን ስኳሩን ሁሉም ያውቃል፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ "ጠጣህ ወይ?" ይለዋል፣ ሲያናድደው ደስ ይለኛል።

"አንሳኝ" አለ።

"ተዘጋጅቶ የሚነሳ ሰው አላነሳም። ታውቃለህ።"

"ያን ጊዜ ሳልዘጋጅ አንስተኸኝ ምን አተረፍን?"

ካሜራዬን ከቦርሳው አወጣሁ። የስፌት መኪናው ኋላ ተቀመጠ። ብርጭቆውን አነሳ፣ አፉ ላይ አደረገ። "እንደዛው፣ በሩ ላይ። ሰው ይየው" አለ።

ሦስት ጊዜ አነሳሁት። ሦስቱንም ጊዜ ዓይኑን ጨፍኗል። እዚያው ካሜራው ላይ በግራዬ አየሁት፣ ጥርት ብሎ።

"ድገመው" ይለኛል!

አልደግምም። የሚመጣው ሰኞ እንደ ጨፈነ ይሰቀላል።