ስህተታቸውን ያስተማሩት ኢንጂነር ሻሮልታ ቫድናይ

ኢንጂነር ሻሮልታ ቫድናይ ከአባታቸው ከአቶ ቤንዴ ቫድናይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሮዛሊያ ኬሌመን፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ዓ.ም. የቲሳ ወንዝ በረዶ ተሰባብሮ በሚወርድበት ሰሞን፣ በቲሳኬርት መንደር በግድብ ጠባቂው ቤት ተወለዱ። አባታቸው በዚያ ቢጫ ቤት ተቀምጠው፣ መንደሩን ከወንዙ የሚከልለውን የአፈር ግድብ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠብቀዋል። ኢንጂነር ሻሮልታ የቤቱ የበኩር ልጅ ማን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ በኩሩስ ግድቡ ነው፣ እኔ ሁለተኛ ነኝ፣ ወንድሜ አምብሩሽ ደግሞ ሦስተኛ ነው ይሉ ነበር።

በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ የግድቡ ንድፍ በመስታወት ተለብጦ ተሰቅሎ ነበር። እርሳቸው ቁጥር የለዩት ከዚያ ንድፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የግድቡን ከፍታ ከማታ ጸሎታቸው እኩል በቃላቸው ይዘውት አደጉ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን በሶልኖክ ከተማ አጠናቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ቡዳፔስት ገብተው የውሃ ምህንድስና ማጥናት ጀመሩ። ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ መምህር፣ ለሴት ልጅ የሚስማማት ውሃ የድስት ውሃ ነው ብሎ ክፍሉን አሳቀ። እርሳቸውም አብረው ሳቁ። በዓመቱ መጨረሻ አንደኛ የወጣውን ተማሪ ስም የጠራው ያው መምህር ነበር። ያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. ተመርቀው የጎርፍ መከላከል ሥራ ላይ ተመደቡ። በዓመቱ የላይኛው ቲሳ ሞልቶ ሲፈስ ለእርዳታ ከተላኩት አንዷ ነበሩ። በዚያ፣ በጭቃ ጡብ የተሠሩ ቤቶች ወተት እንደነካው ዳቦ እየራሱ ሲፈርሱ፣ ሰዎች ከጣሪያ ላይ በጀልባ ሲወርዱ አዩ። ከዚያ ወዲህ የሚያሳስባቸው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ውሃው ከመድረሱ በፊት መድረሱን ማወቅ።

እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. የጀልባ ሞተር መካኒክ ከነበሩት ከአቶ ገርጌይ ሶምባቲ ጋር ትዳር መሥርተው ቦግላርካንና ማርተንን ወለዱ። አቶ ገርጌይ፣ ሚስቴ ሌላ ወንድ ወዳለች፣ ስሙም ቲሳ ይባላል፣ ስለዚህ ጀልባውን እየጠገንኩ አብሬያቸው እሄዳለሁ እያሉ ሰው ያስቁ ነበር። እስኪሞቱም ድረስ አብረው ሄደዋል።

እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. ለሙያ ስልጠና ወደ ሆላንድ ተልከው የውሃ ሞዴል መሥራት ተማሩ። ይህ ነገር ምን እንደሆነ ዛሬ ለልጆቻችን ብንነግራቸው አይደንቃቸውም፤ ያን ጊዜ ግን ከተአምር አይለይም ነበር። በካርፓቲያ ተራሮች ላይ የተቆለለ በረዶ፣ የሚያቀልጠው ሙቀት፣ ከላዩ የሚጥለው ዝናብ፣ ውሃውን የሚመጠው የጫካ አፈር፣ የቀረውን ይዞ የሚወርደው ገባር ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር ቁጥር ሆኖ ከቁም ሳጥን በሚተልቅ የስሌት መኪና ውስጥ ይገባል። ከወዲያ በኩል የሚወጣው ገና ያልመጣ ውሃ ነው። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ፣ ልጆች ወንዙ ዳር ኳስ እየተጫወቱ፣ ኢንጂነር ሻሮልታ ግን የሚመጣውን ሳምንት ወንዝ ያዩት ነበር። ከመንደራችን አሮጊቶች አንዳንዶቹ፣ ይህስ የእግዜርን ደብዳቤ ቀድሞ መክፈት ነው ብለው ፈርተዋቸው ነበር። እርሳቸው ራሳቸውም ከመፍራት አልዳኑም። ሰላሳ ዓመት ከሠሩበት በኋላ እንኳ ሞዴሉ መልስ ሊሰጥ ሲቃረብ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ እንደነበር፣ አጠገባቸው የተቀመጥን ሁሉ እናውቃለን።

እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. በመንደራችን ዳር ሥራ ፈትቶ በቆመው አሮጌ የፓምፕ ቤት ውስጥ የውሃ ሀብት ምህንድስናና የሃይድሮሎጂ ሞዴል ስልጠናቸውን ከፈቱ። በየጸደዩ ለስድስት ሳምንት ይሰጣል። ከላይኛው ቲሳ፣ ከትራንሲልቫኒያ፣ ከቮይቮዲና፣ ኋላም ስማቸውን ለመጥራት ከሚያስቸግሩን አገሮች መሐንዲሶች መጡ። እኛ የምንጠራቸውን ሰምተው፣ ፀጉራቸው የሸበተው ሳይቀር እትዬ ሻሪ ይሏቸው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ኮምፒውተር የሚነካ የለም። ሰልጣኙ ቦት ጫማ ተጫምቶ፣ በሦስት እግሩ የሚቆመውን የከፍታ መለኪያ ተሸክሞ ግድቡን በእግሩ ይለካል። በእግር ያልተረገጠ ቁጥር ሞዴል ውስጥ አይገባም የሚል ሕግ ነበራቸው። በኋለኛው ወንበር ላይ ዲፕሎማ የሌለን የመንደሩ ልጆችም እንድንቀመጥ ፈቅደው ነበርና፣ ዲፕሎማ ያላቸው ቅር ሲሰኙ፣ ዲፕሎማ ሲሰቀል የሚደክመው ምስማሩ ብቻ ነው ብለው ዝም አሰኝተዋቸዋል።

በዚህ መንደር የሞተ ሁሉ ደግ ነበር ይባላል። ኢንጂነር ሻሮልታ ደግ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ግን ዛሬ ግማሾቻችን ቤት አይኖረንም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ጸደይ፣ ስልጠናው እየተሰጠ ሳለ ቲሳ መሙላት ጀመረ። የተጠየቁት ጥያቄ አንድ ነበር፤ የቲሳኬርት ግድብ ይችለዋል ወይስ አይችለውም? ካልቻለው፣ ከመንደሩ በላይ ያለው፣ ዝቅተኛውን መስክ ከትንሽ ሙላት ብቻ የሚከልለው ትንሹ የበጋ ግድብ ተቆርጦ ውሃው ወደዚያ መስክ መለቀቅ አለበት። በዚያ መስክ ላይ የመንደሩ የፕለም ፍራፍሬ አትክልት ሁሉ አለ፤ ትልቁ ደግሞ የወንድማቸው የአቶ አምብሩሽ ነው። ኢንጂነር ሻሮልታ ሞዴላቸውን አይተው፣ ውሃው እጅግ ሲበዛ ከግድቡ አናት አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ያልፋል፣ አትክልታችሁም ቤታችሁም ይተርፋል፣ ተረጋግታችሁ ተኙ አሉን። ተኛን።

በማግስቱ ከቀትር በፊት ሰልጣኞቻቸውን ይዘው ግድቡ ላይ ወጡ። በወንዙ ውስጥ የቆመው የውሃ መለኪያ እንጨት፣ ሞዴሉ ለዚያች ሰዓት የተናገረውን ቁጥር አንድ ጣት እንኳ ሳይዛነፍ ያሳይ ነበር። ሰልጣኞቹ ተቃቀፉ። ከላይኛው ቲሳ የመጣው ቫሲል የሚባለው ወጣት መሐንዲስ፣ እትዬ ሻሪ፣ ወንዙ እኮ እርስዎን ይሰማል አላቸው። እርሳቸው ግን ወንዙን ትተው የሚያዩት ግድቡን ነበር። ውሃው መሆን ባለበት ቦታ ነው፤ ከውሃው በላይ መታየት የነበረበትን ያህል ግድብ ግን አልነበረም።

የከፍታ መለኪያውን ራሳቸው ተክለው ለኩ። ደግመው ለኩ። ከዚያ የአሸዋ ከረጢት ላይ ተቀመጡ።

የሆነው ይህ ነው። ድሮ በአገራችን የመሬት ከፍታ የሚቆጠረው ከአድሪያቲክ ባሕር ወለል ነበር፤ ኋላ ከባልቲክ ባሕር ወለል ሆነ። በሁለቱ መካከል ስልሳ ሰባት ሳንቲሜትር ያህል ልዩነት አለ። የአሮጌው ንድፍ ቁጥር ሁልጊዜ ከአዲሱ ይበልጣል። ይህን ለሰልጣኞቻቸው በየዓመቱ የሚያስጠነቅቁት እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። የወንዙን ግድብ ሁሉ በእግራቸው ለክተው አስገብተዋል፤ ከአባታቸው ቤት ፊት ያለችውን የግድብ ክፍል ብቻ ራሳቸውም አልለኳትም፣ ሰልጣኝም አላስለኳትም። ከግድግዳው አሮጌ ንድፍ ላይ በቃላቸው የያዙትን ቁጥር አስገቡ። ሰው የእናቱን ስም ከመዝገብ አያጣራም። ግድቡ በሞዴሉ ውስጥ ከእውነቱ በዚያችው ስልሳ ሰባት ሳንቲሜትር ረዝሞ ቆሞ ነበር። የሙላቱ ጫፍ፣ ውሃው እጅግ የሚበዛበት ሰዓት፣ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

ቫሲል አዘነላቸውና፣ ወንዙ ከተጠበቀው በላይ ጨመረ ይበሉ፣ ማን ይጠይቅዎታል አላቸው።

«ወንዝ አፍ የለውም ብዬ የኔን ጥፋት ላሸክመው?» አሉት። «ደግሞስ የውሃው ቁጥር ልክ አይደለም ካልኳቸው፣ ከነገ ወዲያ ይህን ያህል ውሃ ይመጣል ስላቸው ማን ያምነኛል? ውሃው ልክ ነው። ልክ ያልሆንኩት እኔ ነኝ።»

ከቀትር በኋላ መንደሩ በባህል አዳራሹ ተሰበሰበ። ኢንጂነር ሻሮልታ ጭቃቸውን ሳያራግፉ ገብተው፣ ምን እንዳጠፉ፣ ለምን እንዳጠፉ፣ የበጋው ግድብም ዛሬውኑ ካልተቆረጠ ምን እንደሚሆን በአጭሩ ተናገሩ። አዳራሹ ታመሰ። አንዱ ዲፕሎማዋን ትብላ አለ፣ ሌላው ሞዴል ማለት ጥንቆላ ነው አለ። ከሁሉ በላይ የሚያጡት አቶ አምብሩሽ ከኋላ ተነሡ። የመንደሩም ልብ በእርሳቸው አፍ ላይ ነበር፤ እርሳቸው እምቢ ካሉ አካፋ የሚያነሣ አልነበረም።

«ትናንት ተኙ ያልሽን ሻሪ ነሽ፤ ዛሬ ተነሡ የምትይንም ሻሪ ነሽ» አሉ። «እኛ የትኛዋን ሻሪ እንመን?»

«ሁለተኛዋን» አሉ እህታቸው። «የመጀመሪያዋ አባቷን አምና ነው የተናገረችው። ይቺኛዋ ለክታ ነው የመጣችው።»

አቶ አምብሩሽ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። የተቆጡ የመሰላቸው ነበሩ። ተከትለው የወጡት ግን በትራክተራቸው ወደ በጋው ግድብ ሲነዱ አገኟቸው። የመጀመሪያውን አፈር የቆረጡት እርሳቸው ናቸው፤ ውሃውም መጀመሪያ የገባው በእርሳቸው አጥር ነው። ፕለሙ አብቦ ነበር። ነጩ አበባ ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ሲሄድ ቆመው አዩት።

በሁለተኛው ቀን የሙላቱ ጫፍ ደረሰ። የአሸዋ ከረጢቶቹን እግር እየላሰ አለፈ። ከጭቃ ጡብ ቤቶቻችን አንዱም አልወደቀም። ያን ቀን ግድቡ ላይ የቆምን ሁሉ የምናስታውሰው ዝምታውን ነው። ያን የሚያህል ውሃ፣ ከቤታችን ጣሪያ ጋር ትከሻ ለትከሻ፣ ያለ ድምፅ ሲሄድ ማየት ሰውን ያሳንሳል። መጠኑን ሁለት ቀን ቀድማ የተናገረች ሴት ደግሞ መካከላችን ቆማ ነበር።

ውሃው ሲጎድል፣ ጉዳዩን የመረመሩት ሰዎች ያልተጠበቀ የወንዝ ሙላት የሚል ሪፖርት አዘጋጅተው ይፈርሙ አሏቸው። የተጠበቀ ነበር፣ እኔ ነኝ የጠበቅሁት ብለው አልፈረሙም። በራሳቸው ጥያቄ ከመሥሪያ ቤታቸው ወጥተው ቀሪ ዘመናቸውን ለስልጠናው ሰጡ። ሰላምታ የነፈጓቸው ጎረቤቶችም ነበሩ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ዛሬ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ የስልጠናው የመጀመሪያ ትምህርት ያው ስህተት ሆነ። ንድፉን ከግድግዳ አውርደው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ሰልጣኞቹ ራሳቸው ስህተቱን እስኪያገኙ ይጠብቃሉ። ከዚያ አቶ አምብሩሽን ያስጠራሉ። አቶ አምብሩሽም በየዓመቱ የፕለም አረቄያቸውን ይዘው ገብተው፣ «እኔ የእህቴ ስህተት ዋጋ ነኝ፤ በደንብ እዩኝ» ይሏቸዋል። «ከእናንተ መሃል የአባቱን ግድብ ያልለካ ካለ፣ ለወንድሙ ይዘንለት።» አረቄው ግን በገበያ ፕለም የወጣ ስለሆነ እንደ ድሮው አይጣፍጥም ብለው ሳይጨምሩ አይወጡም። እህታቸው አንድ ቀን እንኳ ዝም አላሰኟቸውም፤ ቆመው ያዳምጧቸው ነበር። በአሥራ ስምንት ጸደይ ይህን ትምህርት የሰሙ መሐንዲሶች ዛሬ በብዙ ወንዞች ላይ ናቸው።

ኢንጂነር ሻሮልታ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. መከር በጉበት ሕመም ታመው በሶልኖክ ሆስፒታል ሲረዱ ቆዩ። ወንድማቸው ሊጠይቋቸው በገቡ ጊዜ፣ የመጪውን ጸደይ ስልጠና ማን ይክፈተው ብለው ጠየቋቸው።

«አንተ ክፈተው» አሏቸው። «እኔ ከሌለሁ ስህተቴን ያሳምሩታል።»

እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 2019 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሴት ልጃቸውን ቦግላርካን፣ ወንድ ልጃቸውን ማርተንን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና ወንድማቸውን አቶ አምብሩሽን ተለይተዋል። ባለቤታቸው አቶ ገርጌይ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ቀድመዋቸዋል።

ይህ የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ፣ የግድቡ ነገር ለቀብር ቀን አይሆንም፣ ይቅር ያሉ ዘመዶች ነበሩ። ጽሑፉ ተነቦላቸው አቶ አምብሩሽ አንድ ቃል አልቀነሱም። ከፊታችን ባለው ሰኞ የፓምፕ ቤቱ ይከፈታል። የመጀመሪያውን ትምህርት የሚሰጡት እርሳቸው ናቸው። ፕለሜን እንዴት እንዳጣሁ ለዓመታት ተናግሬያለሁ፣ ዘንድሮ ለምን ትራክተሬን እንዳስነሣሁ እነግራቸዋለሁ ብለዋል።

በመጀመሪያ ውሃን ከየብስ የለየ አምላክ ነፍሳቸውን በጸናው ምድር ያሳርፍ፤ ለእኛም የምንወደውን ሁሉ የምንለካበት ድፍረት ይስጠን። አሜን።