ድስት ይዤ በመገኘቴ ስለተቆጠረው ድምፄ

ለክቡር አቶ ሮይስ ሃለንቤክ
የታምሰን ካውንቲ የፓርቲያችን ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ኦርዊክ፣ አዮዋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ባለቤትዎን በሙሉ ጤና፣ ወገብዎንም ካለፈው ክረምት በተሻለ ሁኔታ ላይ እንዲያገኝ ከልብ እመኛለሁ። ጤና የምመኝልዎ ለወግ ያህል እንዳይመስልዎ፤ በካውንቲያችን መታመም እንደማያዋጣ ስለማውቅ ነው። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሮይስ እያልኩ ስጠራዎት የኖርኩ ሰው ዛሬ ክቡር ማለቴ ለያዙት ወንበር ካለኝ አክብሮት የመነጨ ነው። በጋዜጣ መጻፌንም እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ቢሮዎ ደጋግሜ ደውዬ ነበር፣ የስልክዎ መልእክት መቀበያም የሕዝቡን ድምፅ ለመስማት እጅግ እንደሚጓጉ በጥሩ አንደበት ነግሮኝ ዘግቶብኛል።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ማርሊስ ቫንደርዜ እባላለሁ፤ ከእህል ጎተራው ማዶ ያለችው የጨርቅ ሱቅ የእኔ ናት። ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ፣ ኮሚቴዎ ቁጥር እንደሚወድ ከደረሰብኝ ተምሬያለሁና።

፩ኛ፦ ስለ እጩዎቹ። እንዲህ ያለ ምርጫ ስላቀረባችሁልን ከልብ አመሰግናለሁ። ባለፈው ጊዜ አንዱን የመረጥኩት ሌላውን ስለፈራሁ ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላውን የመረጥኩት አንዱን ስለፈራሁ ነበር። ዘንድሮ ፓርቲያችን ሁለቱንም ሥጋቶቼን አንድ ላይ አቅርቦልኛል፣ ከሴናተር ትሬድዌልና ከስቴት ገዢው ኦስባክ እንድመርጥ። ሁለቱም ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ይህን ክረምት ኦርዊክን እንደ ገዛ ጓሯቸው ተመላልሰውባታል፣ በቆሏችንን አሞግሰዋል፣ አሳማ አቅፈዋል፣ የቼሪ ፓያችንን በልተው ከእናታቸው እንደሚበልጥ ምለዋል። እናቶቻቸው ጋዜጣ እንደማያነቡ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ነው። ባለፈው መከር የካውንቲው ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍሉን እንደዘጋ እርስዎም ያውቃሉ። ክፍሉ ዛሬ የታጣፊ ወንበር መጋዘን ሆኗል፤ በስብሰባችን ቀን የተቀመጥንባቸው ወንበሮችም ከዚያው የመጡ ናቸው። ከእንግዲህ የሚወልድ ሰው ስድሳ ማይል መሄድ አለበት፣ ያውም በረዶ ሲነፍስ በሚዘጋ መንገድ። ልጄ ጃኔል ደግሞ ወሯ ገብቷል። ባሏ ከባድ መኪና ነጂ ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ የለም፣ የመጀመሪያ ልጇም ሲመጣ ለሐኪም ጓንት ማጥለቂያ ጊዜ አልሰጠም ነበር። እናም ሴናተሩን በገበሬዎች አዳራሽ አግኝቼ "ልጆቻችን የት ይውለዱ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "እንዴት ያለ ግሩም ጥያቄ ነው!" አሉና እጄን ጨብጠው፣ ሳይለቁኝ ዓይናቸውን ከእኔ ቀጥሎ ወዳለው ሰው አሻገሩ። ገዢው ደግሞ ደረታቸውን ይዘው "ልቤ ከእናንተ ጋር ነው" አሉኝ። የጠየቅሁት አዋላጅ ነበር፤ ልባቸውን የት እንደማስቀምጠው ግራ ገብቶኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ተነሥቼ ነበር። ወጥቼ ፒካፔን አስነሥቼ፣ ሞተሩን አሙቄ፣ የመስታወቱን በረዶ ፍቄ መጣሁ። ሰሞኑን እንዲህ ነኝ፤ ቁጭ ማለት አልሆንልሽ ብሎኛል።

፪ኛ፦ ስለ ቆጠራው። በእኛ አገር ለውጭ ሰው ብንነግረው የማያምነን ልማድ አለ፤ የፓርቲያችንን እጩ በምንመርጥበት ምሽት ድምፅ የምንሰጠው በወረቀት ሳይሆን በእግር ነው። በትምህርት ቤቱ ስፖርት አዳራሽ እንሰበሰባለን፣ ለየእጩው ጥግ ይሰጠዋል፣ ሰው የሚወደውን ይዞ ጎረቤቱ እያየው ይቆማል። የሚበቃውን ያህል ሰው ያላገኘ ጥግ ይፈርሳል፤ የበቃው ግን ወደ ካውንቲው ጉባኤ ተወካይ ይልካል። ትሬድዌል በውጤት ሰሌዳው ሥር፣ ኦስባክ በበሩ በኩል፣ ማንንም ያልመረጥን ደግሞ መረቡ በተቀደደው የቅርጫት ኳስ ቀለበት ሥር ነበርን። ያ ጥግ ለቀልድ የተሰጠን መስሎዎት እንደነበር አውቃለሁ፤ ሰው ግን አንድ በአንድ እየመጣ ሞላ። አሳማ አርቢው ዊልበር ቶምሰን መጣ፣ በሁለት ምርጫ ያላናገረኝ የባሌ ወንድም እንኳ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ልክ የሚበቃውን ያህል ሆንን፣ አንድም ትርፍ የለ። ተወካይ አድርገው የመረጡትም እኔን ነበር፤ ጉባኤው ላይ ቆሜ የማዋለጃውን ጥያቄ በፓርቲው አቋም ውስጥ እንዳስገባ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ደስ አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው ፈርቼ ሳይሆን ነገር ፈልጌ ቆምኩ።

ከዚያ ሎሪን መጣች። የሴናተሩ ጥግ አስተባባሪ ሎሪን ክላፕ፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ፣ ትልቁን የኤሌክትሪክ ድስቷን እስከ አፉ የስጋ ድቡልቡል ሞልታ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች። "ማርሊስዬ፣ የኔ እህት፣ እባክሽ በዚያ በኩል አንዴ ያዢልኝ፣ እጄ ሊገነጠል ነው!" አለችኝ። እዚህ አገር ድስት የያዘ ጎረቤት ሲለምን እምቢ ብሎ የሚያውቅ ሰው ካለ ከሌላ ስቴት የመጣ መሆን አለበት። ያዝኩላት። አዳራሹን አቋርጠን ድስቱን ጠረጴዛዋ ላይ ልናሳርፍ ስንል፣ ለቆጠራ ሁሉም ባለበት ይቁም የሚለውን ፊሽካዎን ነፉ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን አዳራሹ ሁሉ ስለሰማ እንዳለ እጽፈዋለሁ።

"ማርሊስ፣ እግርሽ የት ነው ያለው?" አሉኝ።

"እግሬማ ድስቱ ጋ ነው" አልኩ።

"እንግዲያው ድምፅሽም እዚያው ነው" አሉና በሴናተሩ ስም ቆጠሩኝ።

ዊልበር ከወዲያ ማዶ "ኧረ ሮይስ፣ እኔ አሳማ ስሸጥ እንኳ የሚገዛኝ ሰው ከነድስቱ አይመዝንብኝም!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ፣ እርስዎም ሳቁ። ሎሪን ግን ፊቷ ቲማቲም መስሎ "እኔ እኮ ለዚህ ብዬ አይደለም፣ ማርሊስ፣ በልጆቼ!" ትል ነበር፣ አምናታለሁም፤ ያን ያህል ተንኮል ቢኖራት ኖሮ ድቡልቡሉ ጨው ይኖረው ነበር። እንደገና ይቆጠር ብንል በረዶው እየበረታ ነው፣ ሰው በሰላም ቤቱ ይግባ ብለው፣ ለደኅንነታችን ተጨንቀው ከለከሉን። ጥጋችን አንድ ሰው ጎድሎት ፈረሰ። ሰዎቼ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጡ ተጠየቁ፤ ገሚሱ ሄደው ቆሙ፣ የባሌ ወንድም ኮቱን ለብሶ ወጣ። እኔስ ምን አልኩዎት? ያንጨረጭረኛል፣ ግን ልጻፈው፤ "አመሰግናለሁ፣ ሮይስ" አልኩዎት። ድምፄን ወስደው አመሰግናለሁ አልኩ! እንዲህ ነን እኛ፣ ምን ይደረግ፤ ይሉኝታችንን ቢያውቁት ነው እንዲህ የሚጫወቱብን።

፫ኛ፦ ከዚያ ወዲህ ስለተደረገልኝ ክብር። የሴናተሩ ዘመቻ ስለማይናወጥ ድጋፌ በየቀኑ እየደወለ ያመሰግነኛል። ግቢዬ ውስጥ በረዶው ላይ ስማቸው ያለበት ሰሌዳ ተክለውልኛል፤ ውሻዬ በራሱ መንገድ አስተያየቱን ይሰጥበታል። ትናንት ደግሞ አንድ ጨዋ ወጣት ደውሎ በዋናው ምርጫ ቀን አቅመ ደካሞችን በመኪናዬ ወደ ድምፅ መስጫው ላመላልስ እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔም፣ የኔ ልጅ፣ መኪናዬ ተይዛለች፣ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አዙራ ልጄን ትጠብቃለች ብዬ ነገርኩት። "ግሩም ነው!" አለኝ። ከአለቃው ተምሮ ይሆናል።

፬ኛ፦ አራተኛ ነበረኝ። ነፋሱ ተነሥቶ መስኮቱን ሲመታው ከራሴ ጠፋ። ጉባኤው የፊታችን ቅዳሜ ነው፣ የእኔ ወንበር ላይ የሴናተሩ ሰው ይቀመጣል፣ ማዋለጃ የሚለው ቃል በአዳራሹ አይነሣም። ልቀልድ ብዬ ጀመርኩት እንጂ፣ ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ማን ፕሬዚዳንት እንደሚሆን አይደለም ያስፈራኝ፤ ያንንስ ለምጄዋለሁ። ልጄ መንገድ ላይ እንዳትቀርብኝ ነው። እነዚያ ታጣፊ ወንበሮች ዛሬ ከዚያ ክፍል ቢወጡ፣ አልጋው ቢመለስ፣ የፈለጋችሁበት ጥግ ሄጄ እቆም ነበር። ርካሽ ነኝ፣ በዚህ ዋጋ ሁለቱም ሊገዙኝ ይችሉ ነበር፤ የጠየቀኝ ግን የለም።

በዚሁ አጋጣሚ የኮሚቴውን ድካም፣ የፊሽካዎን ጥራትና የእርስዎን የማይወላገድ ገለልተኝነት እያደነቅሁ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ሆስፒታል ደጃፍ የማያደርስ ጤና።

ባልመረጥኩት እጩ ጥግ በክብር የተቆጠርኩ፣ ያለፈቃዴ ጽኑ ደጋፊና ትሑት ጎረቤትዎ፣

ማርሊስ ቫንደርዜ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ለጋዜጣው ልልክ ስነሣ ጃኔል ደወለች። ሄጄ በፒካፔ ጫንኳት፤ ወደ ሩቁ ሆስፒታል ግማሽ መንገድ እንኳ አልደረስንም፤ በረዶው መንገዱን አጥፍቶት "እማ፣ አቁሚ፣ መጣ!" ስትለኝ መኪናዋን ዳር አስያዝኩ። የአደጋ ጊዜ ስልክ ያነሣች አንዲት ሴት፣ እግዜር ይስጣትና፣ አድርጊ የምትለኝን እያደረግሁ የልጅ ልጄን በነዚህ ጨርቅ በሚቆርጡ እጆቼ ተቀበልኩ። እናትም ልጅም ደህና ናቸው። የቆምንበት ቦታ በሴናተሩ ትልቅ የመንገድ ዳር ሰሌዳ ሥር ነበር፣ "ትሬድዌል፦ ሁልጊዜም ከጎናችሁ" በሚለው። ሲመሽ የሚበራው መብራቱ ባይኖር እትብቱን አላየውም ነበርና ምስጋናዬን ያድርሱልኝ፤ ከጎናችን ናቸው ሲባል የሰማሁት ብዙ ጊዜ ነው፣ ሲጠቅመን ያየሁት ግን ይህን ብቻ ነው። ቅዳሜ ጉባኤው ላይ እመጣለሁ፣ ወንበር ባይኖረኝም እቆማለሁ። ፊሽካዎን ከመንፋትዎ በፊት ለሎሪን ይንገሩልኝ፤ ሕፃን ስለታቀፍኩ የማንንም ድስት መያዝ አልችልም።