ለራውተሩ ቁጥሩን ይመልሱለት

ቁጥር፦ የለውም (ስምንቱም ታድለው አልቀዋል)
ቀን፦ ጥቅምት 19 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገብረጊዮርጊስ
የሕንፃችን ባለሱቆች ማኅበር ሊቀመንበር
ምድር ቤት፣ ሱቅ ቁጥር 1

ጉዳዩ፦ 81ን ስለ መልቀቅ

የተከበሩ ጋሼ፣

በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ዓይንዎ ሁሉም በየቦታው ደህና ናቸው? ይህ ሰላምታዬ ከሁለተኛ ፎቅ ተነሥቶ እርስዎ ሱቅ እስኪደርስ ድረስ እንደ ኢንተርኔታችን ደረጃው ላይ እንዳይቀር እየጸለይኩ፣ ጤናዎን ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ ሶረቲ ሚደቅሳ ነኝ፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የጽሕፈትና የትርጉም ሥራ የምትሠራው የወይዘሮ ወይንሀረግ ልጅ። እርስዎ «ያቺ ምላሳም» እያሉ የሚጠሩኝ። ባለፈው ሳምንት ጉዳዩን በአፌ ላስረዳዎት ስጀምር፣ «አንቺ ልጅ፣ ገና ማትሪክ ሳትፈተኚ እኔን ስለ ኮምፒውተር? አቤቱታ ካለሽ በጽሑፍ አቅርቢ» ብለውኛል። ትእዛዝዎን አክብሬ እነሆ አቀረብኩ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በወሩ መጨረሻ በመሆኑና እኛ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ ስለሌለን፣ ደብዳቤዬን ደረጃው ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። በሰፈሬ ልጆች አነጋገር ቢሆን ነገሩ በሁለት ቃል የሚያልቅ ነበር፤ ለእርስዎ ክብር ስል አራት ነጥብ አድርጌዋለሁ።

ጊዜ የለንም ያልኩበትን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር። ለእናቴ አንድ ውጭ አገር ያለ የትርጉም ድርጅት የሁለት ወር የሙከራ ሥራ ሰጥቷታል። በእጅ የተጻፉ የአማርኛ ሰነዶችን ተርጉማ፣ በእነሱ ኮምፒውተር ውስጥ ገብታ ታስቀምጣለች። የእነሱ ኮምፒውተር ደግሞ በሩን የሚከፍተው ለአንድ አድራሻ ብቻ ነው፤ መጨረሻው 84 ለሆነው፣ ማኅበሩ ለእናቴ ለሰጣት። ሙከራው ጥቅምት 30 ያልቃል። ስድሳ አራት ገጽ ይቀራል። ከደረሰ ቋሚ ሥራ ይሆናል፤ ካልደረሰ እናቴ ሱቁን ለቅቃ፣ ድሮ ወደ ነበረችበት፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ሥር ወደሚተከለው ጠረጴዛ ተመልሳ በዝናብ ማመልከቻ ትጽፋለች። ይኸው ነው። አሁን ወደ ነጥቦቹ።

አንደኛ፤ ስለ ዕደላው።

በሐምሌ ወር ማኅበራችን ለንግድ ቤት የሚሆነውን ፈጣን ኢንተርኔት ሲያስገባ ባለሙያ መጥቶ ራውተሩን ተከለ። ራውተር ማለት፣ ለማያውቁ የሰሌዳው አንባቢዎች፣ ከውጭ የመጣውን መስመር ተቀብሎ ለየሱቁ የሚያከፋፍለው፣ መብራቱ ብልጭ ብልጭ የሚል ሣጥን ነው። ባለሙያው ሲሠራ መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ስለሆንኩ ሁሉን አስረድቶኛል። ከመስመሩ ጋር ስምንት ቋሚ አድራሻዎች ይመጣሉ፤ መጨረሻቸው ከ80 እስከ 87። ቋሚ አድራሻ እንደ ቤት ቁጥር ነው፤ ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ማን እንደሆንን የሚያውቀው በእሱ ነው። ከስምንቱ 80 እና 87 ለመስመሩ ለራሱ የሚቀመጡ ናቸው፤ ሰው አይጠቀምባቸውም። 81 የራውተሩ ነው፤ የእያንዳንዳችን ኮምፒውተር ወደ ውጭ መውጣት ሲፈልግ «81 የት ነህ?» ብሎ ነው የሚጣራው። ለእኛ የሚሆኑት የቀሩት አምስቱ ናቸው። ባለሙያው ይህንኑ በወረቀት ጽፎ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮ፣ በእጅዎ ሰጥቶዎት ሄደ።

የማኅበሩ አባላት ግን ስምንት ነን። ስለዚህ ኮሚቴው ወረቀቱን ሁለት ሰዓት ሙሉ መርምሮ፣ ባለሙያው ሦስቱን ቁጥር ለዘመዶቹ ሊያስቀር መሆኑን ደረሰበት። ለዚህ ንቃት ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ልብስ ሰፊው አቶ ደጉ፣ «ስምንት መጥቶ አምስት የሚሰጠን እኛ ከብት ነን?» ሲሉ ስብሰባው ተነቃነቀ፤ ስምንቱም ለስምንት እንዲታደል ተወሰነ። እርስዎ በዕድሜም በሹመትም ስለሚበልጡ ያለ ዕጣ እንዲመርጡ ተለመኑ። ወረቀቱን አራቅ አድርገው አዩና ጣትዎን 81 ላይ አሳረፉ። «ይሄ ለሣጥኑ ነው የተሰጠው? ሰው እያለ? ሽማግሌ እያለ ለዕቃ?» አሉ። ቤቱ አጨበጨበ። እኔ አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ ሦስት ቀን ቆይቷል።

የቀሩት ሰባቱ ቆብ ውስጥ ገብተው ዕጣ ወጣ። 87 ለአቶ ደጉ፣ 80 ጨርቅ ለሚሸጡት ለወይዘሮ ነፊሳ ደረሰ። ሁለቱም ኮምፒውተር ስለሌላቸው፣ ከእርስዎ በቀር በሕንፃው ውስጥ በኢንተርኔቱ ቅሬታ የሌላቸው እነሱ ብቻ ናቸው። አቶ ደጉ 87ን በወርቃማ ክፈፍ አሠርተው ከንግድ ፈቃዳቸው ጎን ሰቅለውታል። ወይዘሮ ነፊሳ ደግሞ «80 ለልጅ ይተላለፋል ወይ?» ብለው ጠይቀው፣ ኮሚቴው ይተላለፋል ብሎ በቃለ ጉባኤ አስፍሮላቸዋል። ልጃቸው ሁለት ዓመቱ ነው። እንኳን ደስ አለው።

ሁለተኛ፤ ስለ ውጤቱ።

ጋሼ፣ እርስዎ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሱቅዎን ከፍተው ኮምፒውተሩን ያበራሉ። ያን ጊዜ የእርስዎ ኮምፒውተር «81 እኔ ነኝ» ይላል። ራውተሩም «ኧረ እኔ ነኝ» ይላል። የእኛ ኮምፒውተሮች ማንን እንደሚያምኑ ግራ ይገባቸውና፣ ወደ ውጭ ሊሄድ የተነሣው ሥራችን ሁሉ እርስዎ ደጃፍ መጥቶ ይሰለፋል። እርስዎ ደግሞ አያስተናግዱትም፤ ካርታ እየተጫወቱ ነው። ያ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚመጣው፣ ሰው ለብቻው የሚጫወተው ካርታ፣ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ደንታ የለውም። በዚህም ምክንያት ሦስት ወር ሙሉ «የእኔ ቆሞ አያውቅም፤ የእናንተን እንጃ» ሲሉን አንድም ቀን አልዋሹም። ፀጉር ቤቱ ሲያማርር «ቫይረስ ነው» አሉ። ፎቶ ቤቱ ሲያማርር «ልጆቻችሁን ከፌስቡክ ከልክሉ» አሉ። ምክሩ ተሰምቷል፤ እኔ ተከልክያለሁ፤ ኢንተርኔቱ ግን አልመጣም።

ሦስተኛ፤ ስለ ዳንቴሉ።

ጥፋቱ የማን ነው ተብሎ ሲጣራ ራውተሩ ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ። አቧራ ጎድቶታል ተባለና በብረት ሣጥን ተቆለፈበት፤ በሣጥኑ ውስጥም ወይዘሮ ነፊሳ የሠሩትን ዳንቴል ለበሰ። ብርዱን አይቼ ይገባኛል። ይሁን እንጂ ብረቱ ላይ መዳፌን ሳሳርፍ እንደ ጋለ ድስት ነው የሚያቃጥለው። ቁጥሩን ተቀምቶ፣ ታስሮ፣ ተሸፋፍኖ፣ ዛሬም መብራቱን ብልጭ ለማድረግ የሚታገለውን ያን ምስኪን ሳስብ እኔው ራሴ ይደክመኛል።

አራተኛ፤ ስለ ሻዩ።

ይህን ለመጻፍ እናቴን አላስፈቀድኩም፤ ብታውቅ ሌላኛው ክንዴም አይተርፍም። አባቴ ሲያርፍ፣ ይህን ሱቅ እንድትከራይ ዋስ የሆኑላት እርስዎ ነዎት። በዚህ ላይ አልቀልድም። እናቴ ይህን ስለማትረሳ «ጋሼ፣ እባክዎ ኮምፒውተርዎን ያጥፉልኝ» የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም። ሰው ቤት ገብቶ መብራት አጥፉ እንደማለት ነው የምትቆጥረው።

ነገር ግን አንድ ነገር አስተዋለች። እርስዎ ቆጣቢ ስለሆኑ፣ ለአሥር ደቂቃም ቢሆን ከሱቅዎ ሲወጡ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ነው የሚወጡት። ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ በየጠዋቱ ሁለት ጊዜ ከጎን ያለው ሻይ ቤት ትጋብዝዎታለች። እርስዎና እሷ እዚያ ተቀምጣችሁ ስትጫወቱ፣ እኔ ፎቅ ላይ ሆኜ፣ ትምህርቴ የከሰዓት ፈረቃ ነውና፣ ያዘጋጀችውን ገጽ እልካለሁ። አንድ ሻይ አሥራ አንድ ገጽ ነው። የንብረት ክፍል ኃላፊ በነበሩ ጊዜ የጠፋውን የጽሕፈት መኪና እንዴት አድርገው እንዳስገኙ ከጠየቀችዎት አሥራ አራት ገጽ ይሆናል። እናቴ ያንን ታሪክ ሃያ ሦስት ጊዜ ሰምታ፣ ሃያ ሦስት ጊዜ «ወይ ጉድ! ከዚያስ?» ብላለች። እርስዎም በየሱቁ እየዞሩ «ወይንሀረግ ሰው አክባሪ ናት» ማለትዎን ሰምተናል። እውነት ነው፤ አክባሪ ናት፤ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ያን ያህል አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ሐኪም «ስኳር አለብዎት» ብሎ ሻይ ከለከለዎት። ከልቤ አዝኛለሁ። እናቴም ስትሰማ አልቅሳለች፤ ሙሉ ምክንያቱን ግን አልነገረችዎትም። ያለ ስኳር ብትጋብዝዎት «ይሄማ ሙቅ ውሃ ነው፤ ሙቅ ውሃ ቤቴም አለኝ» ብለው ወደ ካርታዎ ተመለሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ገጽ አልወጣም። ማታ እንዳንልከው፣ የድርጅቱ በር የሚከፈተው እርስዎ ሱቅዎን ሲከፍቱ፣ የሚዘጋውም እርስዎ ሲዘጉ ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት የተዘጋጀውን ገጽ ፊቷ ዘርግታ፣ የእርስዎን በር መከፈት በመስኮት እያየች ትቀመጣለች። «ያጥፉልኝ» አትልም፤ እኔ ነኝ የምለው።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው፤ 81ን ለራውተሩ ይመልሱለት። ክብርዎ ይቀንሳል ብለው አይስጉ። 86 የደረሰው ሰዓት ሠሪ ዕጣው በወጣ በሳምንቱ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ስለሄደ ቁጥሩ ባዶ ነው። እሱን ይውሰዱ። 86 ከ81 በአምስት እንደሚበልጥ በአሥረኛ ክፍል ሒሳብ አረጋግጫለሁ፤ ከፈለጉ አሠራሩን አባሪ አደርጋለሁ። ለውጡ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ካርታዎ ከቆመበት ይቀጥላል።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ላነበቡልኝ፣ ወይም አቶ ደጉ ሲያነቡልዎ ለሰሙልኝ፣ ረጅም ዕድሜ፣ የማይጠፋ መብራትና ያማረ የካርታ እጅ እየተመኘሁ፣ ከአክብሮቴ ላይ ሌላ አክብሮት ደርቤ፣ ከዚህ በላይ ጎንበስ ብል ከደረጃው የምወድቅ በመሆኑ እዚህ ላይ ቀና እላለሁ።

ታዛዥዎ
ሶረቲ ሚደቅሳ
የ84 ባለቤት ልጅ፣ የቀድሞ መሰላል ያዥ

ግልባጭ፦
ለአቶ ደጉ (ከክፈፉ ጎን ቦታ ከተረፈ)
ለወይዘሮ ነፊሳና ለ80 ወራሽ
ለራውተሩ (በብረት ሣጥኑ ውስጥ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኅዳር 1 ቀን፣ በእስክሪብቶ የተጨመረ። ደብዳቤው ከተለጠፈ አሥራ ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። በፊቱ በቀን አራት ጊዜ ቢያልፉም መነጽርዎን ባለመያዝዎ እንዳላነበቡት ሰምቻለሁ፤ ችግር የለም። ጥቅምት 23 ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሳልሄድ ጠርተውኝ፣ «ነይ እስቲ አንቺ ምላሳም፤ ይቺ ከታች ብቅ እያለች ካርታዬን የምትጋርደኝ ቢጫ ነገር ሦስት ወር አቃጠለችኝ፤ አጥፊልኝ» አሉኝ። ቢጫዋ ነገር በእንግሊዝኛ «ይህ ቁጥር የሌላ ነው» እያለች ስትለምንዎት የኖረች ማሳሰቢያ ናት። እኔም ትእዛዝዎን ተቀብዬ አጠፋሁልዎት፤ «እደጊ፣ ተመንደጊ» ብለው መረቁኝ። ያጠፋሁት ከኮምፒውተሩ ጀርባ የኢንተርኔቱን ገመድ በመንቀል ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሕንፃው በሙሉ ይሠራል። እናቴ የመጨረሻዋን ገጽ ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ልካለች፤ ሥራውም የእሷ ሆኗል። እርስዎም በትናንቱ ስብሰባ «ኢንተርኔቱ የተስተካከለው እኔ በሰጠሁት አመራር ነው» ብለው ሪፖርት አቅርበዋል፤ ቃል በቃል እውነት ስለሆነ አልተቃወምኩም። 81 በመዝገቡ ላይ ዛሬም የእርስዎ ነው። ገመዱ ግን ከወንበርዎ ኋላ መሬት ላይ ወድቋል፤ ሲነሡ እንዳያደናቅፍዎት።