ባሊላዬ የተገጨች ጊዜ

ኅዳር 23 ቀን 1961 ዓ.ም.

ብዕሩን የያዘችው ዘርትሁን ናት፣ የሟች ባለቤቴ የአማረች የእህት ልጅ። እኔ ሙላው ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም። መኪና እነዳለሁ፤ ይህን ፊደል የቆጠረ ሁሉ አይችለውም። የሚያስጽፈኝ የኢንሹራንሱ ወኪል ንጉሴ ነው። "የመኪናዋን ውሎ ቀን በቀን ያስጽፉ፣ አንድ ነገር ቢደርስ ይጠቅምዎታል" ብሎኛል። እንግዲህ ጻፊ...

መኪናዬን፣ ባሊላዋን፣ አጠብኩ። ጣሊያን ሲሄድ ጥሏት የሄደች ናት። ከዚያ ወዲህ መሪዋን ከእኔ በቀር የያዘ የለም። ሞተሯን አስነስቼ አዳመጥኳት። ጤነኛ ናት። የጠራኝ ሰው የለም። የትም አልሄድንም።

ኅዳር 26

ጎረቤቴ መንግስቴ ለጥር ሰርጉ ባሊላዋን ጠየቀኝ። ልጁን ይድራል። ንፋስ መውጫ ላይ ሙሽራ በባሊላ ካልወጣች ሰርግ አይባልም። የሚጠሩኝ ለባሊላዋ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ከሚዜዎቹ በላይ ያስቀምጡኛል።

ኅዳር 29

ገጯት።

ገበያው ዳር አቁሜያት ጨው ልገዛ ወረድኩ። አስናቀ የሚባል ሹፌር እህል የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪናውን ወደኋላ ሲመልስ... ድምፁን ጨው ነጋዴው ፊት ቆሜ ሰማሁት። ዞር ሳልል አወቅሁ። ኮፈኑ ተጣጥፏል። ራዲያተሩ ውሃውን አፍስሷል። አንድ መብራቷ የለም። ሰው ከበባት። አንዱ "አሮጊቷ አረፈች" አለ፣ ሳቁ።

በበሬ አስጎትቼ ግቢ አስገባኋት። በበሬ... ይህን አትጻፊ። አይ፣ ጻፊው።

ታኅሣሥ 2

ንጉሴ ከደብረ ታቦር መጣ። ዞር ዞር ብሎ አያት።

"ጥፋቱ የዚያኛው ነው፣ ችግር የለም። ኩባንያው ያሠራልዎታል፣ ከዚያ የኤንትሬውን ባለቤት ይጠይቃል። ዕቃው ከአሥመራ ይመጣል።"

"ለጥር ትደርሳለች?"

"ትደርሳለች።"

ጉዳቱን የሚገምት ሰው ይልካሉ። እስከዚያ ዝናብ እንዳይመታት ሸራ አለበስኳት። ዘርትሁን "በዚህ ወር ምን ዝናብ አለ" ትላለች። ላልብሳት ፈለግሁ፣ በቃ።

ታኅሣሥ 7

ሽማግሌዎች መጡ። አባ ገብረ ኢየሱስ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት። አስናቀ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ደጃፌ ላይ ተንበረከከ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር በል ሙላው" አሉኝ አባ።

"ዓይን የለውም እንዴ?"

አስናቀ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ "ዓይንስ ነበረኝ አያ፣ በማጅራቴ አልሆነም እንጂ" አለ።

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ዋጡት። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር... ድንጋዩን አውርድ አልኩት። መስቀሉን ተሳለምኩ። "ምሬሃለሁ። ከእንግዲህ በዚህ ነገር አንተንም አሠሪህንም አልከስም፣ የሚከስም አላቆምም" አልኩ። የሚባለው እንዲህ ነው።

ጠላ ጠጡ። አማረች ከሞተች ወዲህ ቤቴ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። ሲሄዱ በሩን ቶሎ አልዘጋሁትም።

ታኅሣሥ 19

ገማቹ ከንጉሴ ጋር መጣ። ቆቡን እንኳ ሳያወልቅ ኮፈኗን ገለጠ። ጽፎ ጽፎ ሲጨርስ፣ "ከልጁ ጋር ታርቀናል፣ እንዳታስጨንቁት" አልኩት። ደስ እንዲለው ነው የነገርኩት።

ብዕሩን ዘጋ። "ምን ብለው ታረቁ?"

ቃል በቃል ነገርኩት።

"አባቴ፣ እርስዎ አልከስም ካሉ ኩባንያው በእርስዎ ተተክቶ ማንን ይከሳል? እኛን ሳያማክሩ እንዳይታረቁ ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ከታረቁ ኩባንያው አይከፍልም።"

"ያነበበልኝ የለም።"

ንጉሴ መሬት መሬት ያያል።

"እናንተ ዘንድ የበደለ ሰው ሊለምን ሲመጣ ምን ትሉታላችሁ?" አልኩት።

"ኩባንያውን አነጋግር እንለዋለን" አለ። እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም።

ጥር 3

ንጉሴ ያለ ገማቹ ተመለሰ። አስናቀን ይዞት መጥቷል። ወረቀት ዘረጋ፣ አነበበልኝ። ዕርቅ የሚባል ነገር አልተደረገም፣ ይላል።

"አውራ ጣትዎን ብቻ ያሳርፉበት። መኪናዋ ነገውኑ በጭነት መኪና ለጥገና ትሄዳለች።"

አስናቀ "ይፈርሙ አያ። አሠሪዬም ኢንሹራንስ አለው። ኩባንያ ለኩባንያ ይነጋገራሉ፣ እኔ አልቀየምም" አለ።

"ሽማግሌዎቹስ?"

"ማን ይጠይቃቸዋል?"

"አባ ገብረ ኢየሱስስ?"

አስናቀ ወደ ንጉሴ ዞረ።

ንጉሴ ቀለሙን አቀረበልኝ። በመስኮቱ ትታየኛለች። ሸራው ተንሸራቶ ዶሮ ወጥታባታለች። ጣቴን አነሳሁ... አዎ፣ አንስቼው ነበር።

"ይቅር ያልኩት በአፌ ነው" አልኩ። "ጣቴ ሌላ አፍ የለውም።"

"ቆማ ትቀራለች እኮ።"

"ትቅር።"

"ግትር ነዎት።"

"ነኝ።"

ሲወጡ ዶሮዋን አባርሬ ሸራውን መለስኩላት። አላዩም።

ጥር 15

መንግስቴ ዳረ። ከደብረ ታቦር ላንድሮቨር አስመጥቷል። በደጄ ሲያልፉ ጡሩንባውን ሰማሁ። ጥሪ አልመጣልኝም። ረስቶኝ ይሆናል... አይረሳም። ዘርትሁን "ይተዉት አባብዬ" ትላለች። ምኑን ነው የምተወው?

ጥር 16

ፈርሜ ቢሆንስ?

የካቲት 6

የአማረች ሙት ዓመት ነበር። የተቀበረችው ገጠር፣ ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ነው። በየዓመቱ ጥርጊያ መንገዱ እስከሚያበቃበት በባሊላ እሄድ ነበር። ዘንድሮ በእግሬ፣ ምርኩዝ ይዤ። ያ ሁሉ አቀበት እንዳለ አላውቅም ነበር። አቀበቱን የምታውቀው ባሊላዋ ኖራለች።

አረፍ ባልኩበት አንድ አህያ የሚነዳ ጎልማሳ ደረሰብኝ።

"ማን ልበል አባቴ? የየት ሰው ነዎት?"

በዚያ መንገድ ስንት ዘመን ተመላልሻለሁ፣ ማን ነህ ያለኝ ሰው የለም። ገና ሞተሯን ሲሰሙ ያውቁኛል። ሰውዬው ቆሞ ይጠብቃል።

"ሙላው ነኝ" አልኩት። "የንፋስ መውጫ።"

የባሊላው? ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም።

"እኔ ሞላ ነኝ" አለ። ለሙት ዓመቱ የያዝኩትን ስንዴ ከትከሻዬ ተቀብሎ አህያው ላይ ጫነልኝ። ዘንድሮ ገብሱን ውርጭ እንደመታበት አወራኝ። እኔም ስለ አማረች አወራሁት፣ ቁጣዋ እንዴት እንደነበር። ሳቀ። ስለ መኪና አላነሳሁም። ሊያሰናብተኝ ሲል "ሲመለሱ በቤቴ በኩል ይለፉ" አለኝ። አለፍኩ። አሳደረኝ።

ዘርትሁን፣ ይህን እንኳ ንጉሴ አይፈልገውም። ለእሱም አይደለም ያስጻፍኩሽ። በይ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ቀስ እያልሽ... የምቸኩልበት የለኝም።