ተከትፎ የቆየ ጎመን

ጥቅምት 4
እንደ ሁልጊዜው ከሁሉም ቀድሜ ላቦራቶሪ ገባሁ። ጥቅል ጎመኑን አጠብኩ፣ ከተፍኩ፣ ደቂቃ ሳላባክን የፈላ ውሃ ውስጥ ጨመርኩ። ጭማቂውን በትንንሽ ሳህን የምናሳድጋቸው የካንሰር ሴሎች ላይ ጠብ አደረግኩ። ይሞታሉ ብዬ... ምን ይሞታሉ! ይራባሉ እንጂ። ሦስት ወር ሙሉ እንዲሁ።

ጥቅምት 7
የሳቂታ ሴሎች ረገፉ። ሳቂታ የምላት አዲሷን ባልደረባዬን ነው፤ ጥርሷ ተከድኖ አያውቅም። ያው ጎመን፣ ያው ድስት፣ ያው ሴል። አለቃችን ዶክተሩ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቶ "ጎበዝ! ጎበዝ!" አላት። ለኔ በስድስት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ... "እታለም፣ ነይ እዪልኝ!" ትለኛለች ደግሞ። አየሁላት። ፈገግ ስል ጉንጬን አመመኝ።

ጥቅምት 11
ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት።
ዓመቱ ሲያልቅ የሚኖረው ቦታ አንድ ነው፤ ከሁለታችን አንዳችን ብቻ ነን የምንቀረው። እሷ ልትሆን ነው? ጎመኑን ከትፋ ጠረጴዛ ላይ ጥላ እናቷ ጋ ልትደውል ኮሪደር የምትወጣ ልጅ? አርባ ደቂቃ! "እማዬ፣ በላሽ? መድኃኒትሽንስ?"... ከዚያ ሳቅ። እኔ ሽንት ቤት እንኳ ሰዓት አይቼ ነው የምሄደው።

ጥቅምት 12
ለዶክተሩ ነገርኩት። "ለሥራው ብዬ ነው" አልኩ። ስልኳን መሳቢያ ውስጥ አስቆለፈባት። "ከተፍሽ፣ ወዲያው ቀቀልሽ። እሷን እያየሽ ተማሪ" አላት ወደኔ እየጠቆመ።
ደስ አለኝ። በጣም።

ጥቅምት 18
የሳቂታ ሴሎች አንድም አልሞቱ። ደግማ ሠራች፤ ምንም። "የመጀመሪያው አጋጣሚ ነበር ማለት ነው" ብሎ ዶክተሩ ወጣ። አልሳቀችም። ቆይ፣ ምን ተለወጠ? ስልኩ ብቻ...

ጥቅምት 19
ከትፌ አርባ ደቂቃ ተውኩት። ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ እጄን ይበላኛል። ጎመኑ ሰናፍጭ ሰናፍጭ ሸተተ። የኔ እንዲህ ሸቶ አያውቅም! መጽሐፍ አገላበጥኩ። ጎመን ሲቆረጥ ውስጡ ያለው ኢንዛይም ይነሳና የካንሰር ሴሉን የሚጎዳውን ንጥረ ነገር ይሠራል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ቶሎ ከተቀቀለ ኢንዛይሙ ይበላሻል። የአሠራር ወረቀታችን "ተከትፎ ይቀቀል" ይላል እንጂ ይቆይ አይልም። እኔ ደግሞ በጥድፊያዬ...

ጥቅምት 22
ረገፉ። የኔዎቹ! እኔ ነኝ ያገኘሁት ብል ማን ያውቃል? ማንም።

ጥቅምት 23
ሁለቱም ፊት ተናገርኩ። "መጀመሪያም የሷ ትክክል ነበር፤ ስልክ እስክትጨርስ ጎመኑ አርባ ደቂቃ ስለሚቆይ ነው። ስልኳን ያስቀማኋት እኔ ነኝ፣ ቀንቼ።" ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። ሳቂታ አየችኝ። "እታለም" አላለችኝም።

ጥቅምት 30
ቦታውን ለሷ ሰጧት፤ እኔ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብቻ ነኝ። ያንገበግበኛል፤ ለራሴ ምን አስዋሸኝ?
ዛሬ ከተፈችና ስልኳን ከመሳቢያው አወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። "አርባ ደቂቃውን ያዥልኝ፣ እታለም።"
ሰዓቱን ይዤ ቁጭ አልኩ። አርባ ሞላ። ከኮሪደሩ "መድኃኒትሽንስ?" ስትል ይሰማኛል። ታውራ ብዬ አልጠራኋትም፤ ጎመኑን እኔው የፈላው ውሃ ውስጥ ጨመርኩላት።