ሳይሰጥ የቀረው የሳተላይት ትምህርት፦ የኦቦ ባይሳ ቀጀላ የሕይወት ታሪክ

ኦቦ ባይሳ ቀጀላ ከአባታቸው ከኦቦ ቀጀላ ኤጄታና ከእናታቸው ከአዴ ዓለሚቱ ደግፌ በ1946 ዓ.ም. ጎጆ ከተማ አጠገብ ተወለዱ። ትምህርታቸውንም በጎጆና ያን ጊዜ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው አምቦ ተከታተሉ።

በ1965 ዓ.ም. ባሕር ኃይልን ተቀላቀሉ፤ ባሕር የሚባለውንም ያኔ ምጽዋ ላይ አዩ። ኋላም ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልከው፣ ሳተላይት ሲቀርብና ሲርቅ ከሚለዋወጠው የሬዲዮ ምልክት መርከብ ያለችበትን ቦታ ማስላት ተማሩ። ዛሬ በስልካችን መንገድ የምናይበት ጥበብ መነሻው የባሕር ኃይሎች ሥራ መሆኑን ሲነግሩን፣ እኛ የሥጋ ዘመዶቻቸው እንኳ እንስቅባቸው ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ ሲበተን ወደ አምቦ ተመልሰው ጡረታ እስኪወጡ ፊዚክስ አስተማሩ። ከወይዘሮ ጉዴ ቶሌራ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ዱረቲንና ቶኩማን ወለዱ።

ባሕር ኃይል እንደገና ይቋቋማል ሲባል፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የአገራችን ሳተላይት ስትመጥቅ፣ ኦቦ ባይሳ ቀናቸው የደረሰ መሰላቸው። ያን ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ለወጣት ሠልጣኞች ትምህርት እንዲሰጡ አዲስ አበባ ጠራቸው። ባለሥልጣናት ተራ በተራ ንግግር አደረጉ። ለኦቦ ባይሳ ካባ ተደረበላቸው፣ ፎቶ ተነሡ። ተራቸው ሲደርስ ግን ምሳ ቀርቧል ተባለ። መድረክ መሪው “አባባ፣ እርስዎ ብዙ ደክመዋል፣ አሁን ይረፉ” አላቸው። እሳቸው ግን አልደከሙም ነበር። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ እየተጠሩ ካባ ደረቡ፤ አስተምሩን ያላቸው ግን አልነበረም። የገደላቸው ይህ ንዴት ነው ብንል ሐኪሞቹ አይስማሙም፤ እኛ ግን እንላለን።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ስትሮክ መታቸውና ንግግራቸው ተዘጋ። በኅዳር ከዚያው መሥሪያ ቤት ተደወለ፤ ሠልጣኞቹ ተሰብስበዋል፣ አሁን መጥተው ያስተምሩን ተባለ። ወይዘሮ ጉዴ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዙላቸው። ሁሉንም ሰሙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቃል ግን አልወጣም። ደዋዩ “ሃሎ፣ ኦቦ ባይሳ፣ ይሰማል?” ብሎ ብሎ ዘጋው።

ኦቦ ባይሳ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በ70 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጃቸው ናኦሚና የአምቦ ተማሪዎቻቸው በሐዘን ቀርተዋል።

የሰውን ነገር ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው የሚሰማ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል።